ሞትን የናቀ ወይስ ሕይወትን የወደደ? የጀግንነት መለኪያ በጥንታዊ ግሪክ ሥነ ጽሑፍና ፍልስፍና

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ479 የግሪክ ከተሞች ጥምር ጦር በፕላቲያ ሜዳ ፋርሶችን ድል መታ (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት የጥንት ዓመታት ሁሉ ከልደት በፊት ናቸው)። ውጊያው ካበቃ በኋላ ስፓርታውያን ከመካከላቸው የላቀ ጀብዱ የፈጸመው ማን እንደሆነ ተወያዩ። ታሪኩን የሚነግረን ሄሮዶቱስ የራሱን ፍርድ አስቀድሞ ይሰጣል፤ በእሱ ዓይን ከሁሉ የሚበልጠው አርስቶዴሞስ የተባለው ተዋጊ ነው። ስፓርታውያኑ ግን አልተቀበሉትም። አርስቶዴሞስ ሰልፉን ጥሶ ወጥቶ እንደ እብድ የተዋጋው የተለጠፈበትን ነቀፋ በሞቱ ሊያጥብ ፈልጎ ነው፤ ፖሲዶኒዮስ ግን መሞት ሳይፈልግ በርትቶ ተዋግቷል፤ ስለዚህ ብልጫው የፖሲዶኒዮስ ነው አሉ። ሄሮዶቱስ በስም ከጠቀሳቸው የዕለቱ ጀግኖች መካከል ክብር የተነፈገው አርስቶዴሞስ ብቻ ሆነ።

ነቀፋው የአንድ ዓመት ዕድሜ ነበረው። በ480 የንጉሥ ሌዮኒዳስ 300 ስፓርታውያን ቴርሞፒሌ ላይ ሲያልቁ፣ ዩሪቶስና አርስቶዴሞስ ዓይናቸውን ታመው አልፔኒ በተባለች መንደር ተኝተው ነበር። ከሚነገሩት ታሪኮች በአንደኛው መሠረት፣ ዩሪቶስ ፋርሶች ከኋላ ዞረው መምጣታቸውን ሲሰማ ትጥቁን አስመጥቶ ታጠቀ፤ ሄሎት የሚባለው የስፓርታ ገባር እየመራ ወደ ውጊያው እንዲያደርሰው አዘዘ፤ ገባሩ አድርሶት ሸሸ፤ እሱ ገብቶ ሞተ። አርስቶዴሞስ ከአልጋው ቀረ። አገሩ ሲገባ እሳት የሚያስጭረው፣ ለሰላምታው መልስ የሚሰጠው ሰው አጣ፤ ተንቀጥቃጩ አርስቶዴሞስ የሚል ስምም ወጣለት።

ሄሮዶቱስ የስፓርታውያኑን ፍርድ በሙሉ ልብ አያምነውም፤ ቅናት ሊሆን ይችላል ብሎ ይጠረጥራል። ጥርጣሬው ተገቢ ቢሆንም ፍርዱ የቆመበት መርሕ ከፈራጆቹ ቅንነት ተለይቶ ሊመረመር ይገባዋል። መርሑ የሚለው ይህን ነው፦ ሊሞት የፈለገ ሰው ምንም ያህል ቢዋጋ፣ መኖር እየፈለገ ቦታውን ካልለቀቀ ሰው አይበልጥም። የግሪክን ጀግና ሞትን የናቀ ሰው አድርጎ ማንበብ ተለምዷል። ይህ ዳሰሳ ግን ከሆሜር እስከ አርስቶትል የሚዘልቀው ጠንካራው የአስተሳሰብ መስመር የጀግናን ልክ ያወጣው ትቶት በሚሄደው ነገር ዋጋና ያን ዋጋ በማወቁ እንደሆነ ይሟገታል። ይህ መስመር ተቃዋሚዎች ነበሩት፤ ዋነኛው ተቃዋሚ የፕላቶ ሶቅራጥስ ነው።

ፈላስፎቹን ከባለቅኔዎቹ ጋር ጎን ለጎን ማንበብ ለእኛ አንባቢ የተለየ ጥቅም አለው። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዓ.ም. መጀመሪያ ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ የተመለሰው መጽሐፈ ፈላስፋ እነ ሶቅራጥስን፣ ፕላቶንና አርስቶትልን ያስተዋወቀው ምክር ለጋሽ ጠቢባን አድርጎ ነው፤ እነሱ ሲሟገቷቸው የኖሩት የሆሜር ጀግኖች አብረው አልተሻገሩም። የግዕዙ ዜና እስክንድርም በአኪልስ ይቀና የነበረውን የመቄዶንያ ንጉሥ ፈሪሃ እግዚአብሔር ያደረበት ክርስቲያን ንጉሥ አድርጎታል። ምክሩ ደርሶናል፤ ምክሩን የወለደው ሙግት ግን በመንገድ ቀርቷል።

የሳርፔዶን ስሌት፣ የሄክቶር ይሉኝታ

በኢሊያድ 12ኛ መጽሐፍ የሊቅያው አለቃ ሳርፔዶን የግሪኮችን ቅጥር ሊያጠቃ ሲል ወደ ጓደኛው ወደ ግላውኮስ ዘወር ይላል። በአገራቸው የክብር ወንበር፣ ምርጥ ሥጋና የሞላ ጽዋ ለምን እንደሚቀርብላቸው፣ በወንዝ ዳር ያለው ለም መሬት ለምን እንደተሰጣቸው ይጠይቀዋል። መልሱም ከዚያው ይከተላል፤ ይህን የሚበላ ሰው ግንባር ላይ መቆም አለበት። እስከዚህ ድረስ ነገሩ የዕዳና የክፍያ ጉዳይ ነው። ወዲያው ግን ንግግሩ ወደ ሌላ አቅጣጫ ይታጠፋል። ከዚህ ጦርነት አምልጠን የማናረጅና የማንሞት ብንሆን ኖሮ እኔም አልዋጋም፣ አንተንም አልልክም ይለዋል። የሚዋጉት ሞት በየትኛውም መንገድ ስለማይቀር ነው።

ይህን ንግግር ሞትን መናቅ ብሎ ማንበብ ስሕተት ነው። ሳርፔዶን ዘላለማዊ ሕይወት ቢያገኝ ሥጋውንና ወይኑን በሰላም ሲያጣጥም ይኖር ነበር፤ ይህንንም አይደብቅም። ግንባር የሚቆመው የሚወደው ነገር በእጁ ሊቆይ እንደማይችል ስላወቀ ነው። በኦዲሴይ ደግሞ ኦዲሴዎስ እንስት አምላክ ካሊፕሶ የምትሰጠውን ዘላለማዊነት ትቶ ወደምታረጅ ሚስቱና ወደ ድንጋያማ ደሴቱ መመለስን ይመርጣል። ሁለቱ ጀግኖች በተቃራኒ መንገድ አንድ ቦታ ይደርሳሉ፦ የሰው ልጅ ታላቅነት ሟችነቱን ዐውቆ ከሚገባበት ምርጫ የሚወለድ ነው፤ አማልክት ደፋር መሆን አያስፈልጋቸውም።

የትሮዩ ጀግና ሄክቶር ጋ ስንደርስ ሚዛኑ ይከብዳል። በ6ኛው መጽሐፍ ሚስቱ አንድሮማኬ በትሮይ በር አጠገብ ታገኘዋለች። የምትነግረው ልቅሶ ብቻ አይደለም። ቅጥሩ በቀላሉ የሚደፈረው በበለሱ ዛፍ በኩል እንደሆነ፣ ጠላትም ሦስት ጊዜ እንደሞከረበት ገልጻ ጦሩን እዚያ እንዲያቆም ትመክረዋለች። ምክሩ የወታደር ምክር ነው። ሄክቶር ስለ ስልቱ አንዲት ቃል አይመልስም፤ የሚመልሰው ስለ ይሉኝታ ነው። ከውጊያ ቢሸሽ የትሮይ ወንዶችና ሴቶች ምን ይሉኛል ይላል። ቀጥሎ ግን ከተማይቱ እንደምትወድቅ፣ አንድሮማኬም በሰው አገር ለሌላ ሴት ሸማ እየሠራች፣ ውሃ እየቀዳች እንደምትኖር የሚያውቅ ሰው ሆኖ ይናገራል። ከዚያ ልጁን ሊያቅፍ እጁን ይዘረጋል፤ ሕፃኑ በራስ ቁሩ ላይ የሚወዛወዘውን የፈረስ ጭራ አይቶ ይጮኻል፤ አባትና እናት ይስቃሉ፤ ሄክቶር ቁሩን አውልቆ መሬት ላይ ያስቀምጠውና ልጁን ይስመዋል።

ይህች ትንሽ ድርጊት የኢሊያድን የጀግንነት አሳብ ከብዙ የጦር ሜዳ ትርኢት በላይ ትገልጣለች። ሆሜር ሄክቶር የሚያጣውን ነገር በስም ብቻ ጠቅሶ አያልፍም፤ ክብደቱን በእጁ እንዲይዘው ያደርጋል። በ22ኛው መጽሐፍ ብቻውን ከቅጥሩ ውጭ ሲቆም፣ አባቱ ፕሪያምና እናቱ ሄካቤ ከላይ ሲለምኑት፣ ውስጡ የሚመላለሰው አሳብ የጽኑ ሐውልት አሳብ አይደለም። ወደ ውስጥ ልግባ ይላል፤ ጦሩን ወደ ከተማ እንዲያስገባ የመከረውን የጓዱን የፖሊዳማስን ምክር ባለመስማቱ የሚደርስበትን ነቀፋ ያስባል፤ ጋሻውን አስቀምጦ ለመደራደርም ያመነታል። አኪልስ ሲቀርብ ደግሞ ይሸሻል፤ ከተማዋን ሦስት ጊዜ ይዞራል። ዘግይቶ የሚቆመው አቴና ወንድሙን መስላ ካታለለችው በኋላ ነው። ሆሜር ይህን ሁሉ አሳይቶም ታላቁን ቅኔ የሚዘጋው በሄክቶር ቀብር ነው። የሸሸ ሰው ጀግና ሆኖ ተቀበረ፤ ምክንያቱም ፍርሃቱ ያጣውን ነገር መጠን አሳየን እንጂ አላቀለለውም።

አኪልስ በዚህ ረድፍ ውስጥ የሚመደበው የስሌቱን ክፍተት ጮኾ የተናገረ ሰው ሆኖ ነው። በ9ኛው መጽሐፍ ኦዲሴዎስ፣ ፊኒክስና አያክስ ሊያስታርቁት ሲመጡ፣ ፈሪውም ደፋሩም እኩል ክብር የሚያገኙበት ጦር ውስጥ ለምን ልሙት ይላል። ከብትና የነሐስ ዕቃ ተዘርፎ ይገኛል፤ የወጣች ነፍስ ግን አትመለስም። አጭር ሕይወት ከዝና ጋር ወይም ረጅም ሕይወት ያለ ዝና እንደተደቀነበትም ይናገራል። ይህ የፈሪ ንግግር አይደለም፤ የሳርፔዶን ውል እንደፈረሰ የተረዳ ሰው ንግግር ነው። በ18ኛው መጽሐፍ ወደ ጦርነቱ የሚመልሰው ስጦታ ወይም ዝና ሳይሆን የጓደኛው የፓትሮክሎስ ሞት ነው። ከዚያ ወዲህ አኪልስ መሞትን የተቀበለ ሰው ነው፤ ሆሜርም በዚህ ጊዜ ጭካኔውን እንጂ ልቀቱን አያጎላም። እንደገና ሰው የሚሆነው በ24ኛው መጽሐፍ፣ ፕሪያም ልጁን የገደሉበትን እጆች ስሞ ሲለምነው፣ አብረው አልቅሰው አብረው ማዕድ ሲቆርሱ ነው። በኦዲሴይ 11ኛ መጽሐፍ ደግሞ የአኪልስ ጥላ በሙታን ሁሉ ላይ ከመንገሥ መሬት ለሌለው ድሃ ተቀጥሮ ማረስ እንደሚሻለው ይናገራል።

ከግል ውል ወደ ሰልፍ

በ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጋሻ ለጋሻ ገጥሞ የሚቆመው እግረኛ ሰልፍ የውጊያው ዋና መልክ እየሆነ መጣ። በግራ ክንድ የሚያዘው ትልቁ ክብ ጋሻ የባለቤቱን ግማሽ አካልና በግራው የቆመውን ጓዱን ይጋርዳል። አንድ ሰው ቦታውን ከለቀቀ ጎረቤቱ ይጋለጣል። የስፓርታው ባለቅኔ ቲርታዮስ ይህን ለውጥ ወደ ሥነ ምግባር ቋንቋ መልሶታል፤ የሯጭን ፍጥነት፣ የግዙፍን ጉልበት፣ የባለጸጋን ሀብት አንድ በአንድ አንሥቶ ሁሉንም ይጥልና በፊተኛው ረድፍ ጸንቶ የቆመውን ብቻ ያከብራል። ምክንያቱም ይህ ልቀት ለከተማው ሁሉ የሚተርፍ የጋራ ሀብት ነው። በዚያው ዘመን የፓሮሱ አርኪሎኮስ ጋሻውን ቁጥቋጦ ሥር ጥሎ እንዳመለጠ፣ ከዚያ የማያንስ ሌላ ጋሻ እንደሚገዛም በግጥም እያሾፈ ይናገራል። ሁለቱ ድምፆች ተቃራኒ ይምሰሉ እንጂ የሚከራከሩበት ጥያቄ አንድ ነው፦ ከጋሻና ከነፍስ የቱ ይበልጣል? ጋሻው የማን ነው?

ፕላቲያ ይህን ጥያቄ በሌላ ሰው በኩልም አንሥታለች። በውጊያው ዋዜማ ሌሊት የስፓርታው አዛዥ ፓውሳንያስ ጦሩ ወደ ሌላ ስፍራ እንዲያፈገፍግ አዘዘ። አሞምፋሬቶስ የተባለ የክፍል አለቃ ከጠላት ፊት አልሸሽም ብሎ እምቢ አለ። ጭቅጭቁ ሲከር ትልቅ ድንጋይ በሁለት እጁ አንሥቶ ፓውሳንያስ እግር ሥር ጣለ፤ ድምፄን የምሰጠው በዚህ ጠጠር ነው ለማለት። ጦሩ ትቶት ሲሄድ ግን ክፍሉን ይዞ ቀስ ብሎ ተከተለ። በውጊያው ሞተ፤ ከተከበሩትም አንዱ ሆነ። ድሉ የተገኘው ጦሩ ቦታ በመቀየሩ ሲሆን ክብር ያገኘው ቦታ አልቀይርም ያለው ሰው ነው። የስፓርታ ሥነ ምግባር ይህን ቅራኔ ሳይፈታው ኖሯል።

በዚህ ትርኢት ዳር የቆሙ ሌሎችም አሉ። ሄሮዶቱስ እንደሚለው በፕላቲያ 5,000 ስፓርታውያን ተሰልፈው ነበር፤ ለእያንዳንዳቸው ሰባት ሄሎት፣ በድምሩ 35,000 ገባሮች አብረው ነበሩ። ከድሉ በኋላ ሄሎቶቹ የራሳቸው መቃብር ተቆፈረላቸው። ማን በለጠ በሚለው ክርክር ግን የአንዳቸውም ስም አልተነሣም። ዩሪቶስን መርቶ ያደረሰው ሄሎት በታሪኩ ያለው ሚና መሸሽ ብቻ ነው። የእሱ ባልሆነች ከተማ ምን የሚያጣው ነገር ነበረና?

ጋሻ ያልያዙት በመድረክ ላይ

ይህን ጥያቄ ከፍ ባለ ድምፅ ያነሣው የአቴንስ ትራጄዲ ነው። በ431፣ በአቴንስና በስፓርታ መካከል ረጅሙ ጦርነት በተጀመረበት ዓመት፣ ዩሪፒደስ ሜዲያን ለመድረክ አቀረበ፤ በውድድሩም ሦስተኛ ወጣ። ሜዲያ ለቆሮንቶስ ሴቶች ስትናገር፣ ወንዶች እኛ ጦር ስንገጥም እናንተ ቤት ውስጥ ያለ ሥጋት ትኖራላችሁ የሚሉትን ታነሣና ታፈርሰዋለች፤ አንድ ጊዜ ከመውለድ ሦስት ጊዜ ጋሻ ይዞ መሰለፍ እንደሚቀልላት ትናገራለች። በዚህ አነጋገር ቲርታዮስ ለወንዱ ብቻ የሰጠው የክብር ቦታ ምጥ ላይ ላለች ሴት ይገባል ማለቷ ነው።

የቲያትሩ ከባድ ጥያቄ ግን ከዚህ በኋላ ይመጣል። ባሏ የከዳት ሜዲያ ልጆቿን ለመግደል የምትቆርጠው ጠላቶቿ እንዳይስቁባት ነው። ይህ የሄክቶር ይሉኝታ ነው፤ የአኪልስ ቁጣም አለበት። ከመግደሏ በፊት በምታደርገው ረጅም ንግግር የልጆቿን ዓይን፣ የቆዳቸውን ልስላሴ፣ በእርጅናዋ የሚጦሯት ተስፋዋን አንድ በአንድ ታነሣለች። የምታጣውን ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። እስካሁን ያየነውን መለኪያ ሙሉ በሙሉ ታሟላለች፤ የምታደርገው ግን አረመኔነት ነው። ዩሪፒደስ በዚህ የጥንቱን የጀግንነት አሳብ እስከ ጫፉ ወስዶ ጉድለቱን አሳየ፦ የምታጣውን ዋጋ ማወቅ ብቻ አይበቃም፤ የምታጣው ለምን ሲባል እንደሆነም መመዘን አለበት።

ሶፎክለስ በ409 ባቀረበው ፊሎክቴቴስ ደግሞ ችግሩን ከወጣት ወታደር አንጻር ያያል። የአኪልስ ልጅ ኔዎፕቶሌሞስ በሌምኖስ ደሴት የተጣለውን ሕመምተኛ ፊሎክቴቴስን አታልሎ የሄራክሌስን ቀስት እንዲያመጣ በኦዲሴዎስ ይታዘዛል። ያለዚያ ቀስት ትሮይ አትወድቅም፤ የወጣቱ ዝናም አይገኝም። ይዋሻል፣ ቀስቱንም ይቀበላል። የበሽተኛውን ስቃይ ካየ በኋላ ግን ተመልሶ ቀስቱን ያስረክባል፤ አልፎም የትሮይን ዝና ትቶ ፊሎክቴቴስን ወደ አገሩ ሊያደርሰው ይስማማል። ሄራክሌስ ከላይ ተገልጦ ታሪኩን ወደ ትሮይ ባይመልሰው ኖሮ፣ የአኪልስ ልጅ ከጦሩ የኮበለለ ሰው ሆኖ በቀረ ነበር። ሶፎክለስ ይህን መኮብለል የባሕርዩ ከፍተኛ ነጥብ አድርጎታል። ቦታ መልቀቅ ራሱ በጎነት የሚሆንበት ጊዜ አለ ማለት ነው።

የሶቅራጥስ አዲስ ሒሳብ

ፕላቶ ላኬስ በተባለው ንግግሩ ይህንኑ ጥያቄ በሁለት ጄኔራሎች ፊት ያቀርበዋል። ከሁለቱ አንዱ የሆነው ላኬስ፣ ደፋር ማለት ሰልፉን ሳይለቅ ጠላትን የሚቋቋም ነው ብሎ ይመልሳል። ሶቅራጥስ ሦስት ማፍረሻ ያመጣል፦ እየሸሹ የሚዋጉትን እስኩቴሶች፣ በሆሜር ዘንድ በማፈግፈግ ስልቱ የተመሰገነውን አይኔያስን፣ በመጨረሻም ፕላቲያ ላይ መጀመሪያ ሸሽተው የፋርሶች ረድፍ ሲፈርስ ዞረው ያሸነፉትን ስፓርታውያን። ሦስተኛው ምሳሌ የሰልፍን ሥነ ምግባር በገዛ ባለቤቶቹ የሚያፈርስ ነው። ላኬስ ደግሞ ሶቅራጥስን እንዲያከብር ያደረገው አቴንስ በ424 ዴሊዮን ላይ ተሸንፋ ስትሸሽ ያየው እርጋታው ነው። ሲምፖዚየም በተባለው ንግግር የአቴንሱ ጄኔራል አልኪቢያዴስም ይህንኑ ማፈግፈግ ይመሰክራል፤ ሶቅራጥስ ወዳጅና ጠላትን በእርጋታ እየቃኘ ሲራመድ የሚደፍረው አልነበረም። የፍልስፍናው ጀግና ለመጀመሪያ ጊዜ የሚታየን በሽሽት ውስጥ ነው።

በ399 በችሎት ፊት ሲቆም ግን ሶቅራጥስ ወደ ጥንቱ ቋንቋ ይመለሳል። ለሞት በሚያደርስ ሥራ መጠመድህ አያሳፍርህም ወይ ለሚለው አኪልስን ይጠቅሳል፤ እናቱ ቴቲስ ሄክቶርን ከገደልክ ሞትህ ተከታይ ነው ብትለውም አልሰማትም። ቀጥሎ በፖቲዲያ፣ በአምፊፖሊስና በዴሊዮን አዛዦች ባቆሙት ቦታ እንደጸና፣ አሁንም አምላክ ያቆመውን ቦታ እንደማይለቅ ይናገራል። አጠቃቀሱን ከሆሜር ጋር ያስተያየ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። በሆሜር አኪልስን የሚያንቀሳቅሰው ሐዘን ነው፤ ጓደኛውን ማዳን ያቃተው ሰው ሐዘን። በሶቅራጥስ አንደበት ግን ሐዘኑ ደብዝዞ በዳይን የመቅጣት ፍትሕ ጎልቶ ይወጣል።

ክሪቶን በተባለው ንግግር ደግሞ ይበልጥ የረቀቀ ነገር ይፈጸማል። ሶቅራጥስ በእስር ቤት ነጭ የለበሰች ሴት በሕልሙ መጥታ በሦስተኛው ቀን ፍቲያ ትደርሳለህ እንዳለችው ይናገራል። አነጋገሩ ከኢሊያድ 9ኛ መጽሐፍ የተወሰደ ነው፤ አኪልስ ጦርነቱን ጥሎ አገሩ ፍቲያ እንደሚገባ ሲዝት የተናገረው ነው። ፍቲያ ያለችው በቴሳሊ ነው፤ ወዳጁ ክሪቶንም ሶቅራጥስን አስመልጦ ሊያሸሸው ካሰበባቸው ስፍራዎች አንዷ ወዳጆቹ ያሉባት ቴሳሊ ናት። አኪልስ ቦታ ለመልቀቅ የተናገረው ቃል፣ ቦታ አልለቅም ባለው ሰው አፍ የሞት ትንቢት ሆነ። ፕላቶ ጀግናውን የወረሰው እንዲህ ውስጡን ገልብጦ ነው።

ግን በዚህ ግልበጣ የጠፋ ነገር አለ። ሶቅራጥስ ለዳኞቹ፣ ሞት ወይ ሕልም የሌለው እንቅልፍ ነው፣ ወይ ከሆሜርና ከጥንት ጀግኖች ጋር የሚያገናኝ ጉዞ ነው ይላል፤ በሁለቱም መንገድ ክፉ አይደለም። የመጨረሻ ቀኑን በሚተርከው ፋይዶን ሚስቱ ዛንቲጴ ልጃቸውን ይዛ አጠገቡ ተቀምጣ ስታለቅስ፣ ሶቅራጥስ ክሪቶንን ሰው አስይዞ ወደ ቤት እንዲያስወስዳት ይጠይቃል። ከመሞቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ልጆቹንና የቤቱን ሴቶች እንደገና ማነጋገሩን ፕላቶ ይነግረናል፤ ምን እንደተባባሉ ግን አይጽፍም። ሆሜር በትሮይ በር ላይ ያን ያህል መስመር የሰጠውን ነገር ፕላቶ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልፈዋል። በሪፐብሊክ 3ኛ መጽሐፍ ከቅኔዎች እንዲሰረዙ ከሚጠይቃቸው ቀዳሚዎቹ የአኪልስ ጥላ ስለ ሙታን ዓለም የተናገራቸው ስንኞች መሆናቸውም ያጋጣሚ ነገር አይደለም። ጠባቂዎቹ ሞትን እንዳይፈሩ የሚያጡት ነገር ቀላል ሆኖ መታየት አለበት። ፕላቶ ድፍረትን በዚህ መንገድ ቢያጸናም የሚለካበትን ክብደት ከሚዛኑ አንሥቶታል።

አርስቶትልና የመልካም ሰው ሐዘን

አርስቶትል በኒኮማኮስ ሥነ ምግባር 3ኛ መጽሐፍ ክብደቱን ወደ ሚዛኑ ይመልሰዋል። ምንም የማይፈራ ሰው፣ የመሬት መናወጥንና ማዕበልን አይፈሩም እንደሚባሉት ኬልቶች ያለ፣ ለእሱ እብድ ወይም ስሜት የሌለው ነው። ድህነትን፣ ፍቅርን ወይም መከራን ለማምለጥ መሞትንም ፈሪነት ይለዋል። ከዚያ ድፍረት የሚመስሉ አምስት ሁኔታዎችን ይለያል፦ የዜጋ ድፍረት፣ ከልምድ የሚመጣ፣ ከቁጣ የሚመጣ፣ ከተስፈኝነት የሚመጣና ካለማወቅ የሚመጣ። ለመጀመሪያው የሚሰጠው ምሳሌ የፖሊዳማስን ነቀፋ የፈራው ሄክቶር ነው። ይሉኝታ ከእውነተኛው ድፍረት ጋር በጣም የሚቀራረብ ቢሆንም እሱ ራሱ አይደለም፤ እውነተኛው ደፋር የሚቆመው ተግባሩ መልካም ስለሆነ ነው። ሜዲያ የከፈተችው ክፍተት እዚህ ይዘጋል፤ ጠላት እንዳይስቅብኝ ማለት በጎ ዓላማ ሊሆን አይችልም። አርስቶዴሞስን በስም አያነሣውም፤ ስለ ቁጣም ሆነ ስለ ሞት ፍለጋ የሚሰጠው ፍርድ ግን ከስፓርታውያኑ ጋር አንድ ነው።

የምዕራፉ ከባድ አንቀጽ ግን 9ኛው ክፍል ላይ ያለው ነው። ደፋር ሰው ሲሞት ያዝናል ይላል አርስቶትል፤ በጎነቱ ሙሉ፣ ሕይወቱም የተሟላ በሆነ ቁጥር ሐዘኑ ይበልጣል። መኖር ከማንም በላይ የሚገባው እሱ ነውና፣ ከሁሉ የላቀውን ነገር እያወቀ ያጣል። ይህ ድፍረቱን አይቀንሰውም፤ ምናልባት ይጨምረዋል። በፋይዶን ሶቅራጥስ ከሞተበት እርጋታ ይልቅ ይህ አንቀጽ ሄክቶር ልጁን አቅፎ ከቆመበት በር ይቀርባል። አርስቶትል ግን በዚህ አያበቃም። እንዲህ ያሉ ሰዎች ምናልባት ምርጥ ወታደሮች አይሆኑም፤ ምርጥ ወታደሮች የሚሆኑት ድፍረታቸው ያነሰ፣ ሌላ መልካም ነገር የሌላቸውና ሕይወታቸውን በጥቂት ትርፍ የሚሸጡት ሊሆኑ ይችላሉ ይላል። የከተማ ጥቅምና የሰው ልቀት እዚህ ላይ ይለያያሉ። ቲርታዮስ አንድ ናቸው ያለውን አርስቶትል ሁለት አድርጎታል።

ኋለኛው አናሊቲክስ በተባለው የሥነ አመክንዮ ሥራው ውስጥ ደግሞ ስለ አበያየን ሲያስረዳ የነፍስ ታላቅነትን ምሳሌ ያደርጋል። አልኪቢያዴስ፣ አኪልስና አያክስ የሚጋሩት ውርደትን አለመታገሣቸውን ነው፤ የስፓርታው ጄኔራል ሊሳንድሮስና ሶቅራጥስ የሚጋሩት በመልካምም ሆነ በክፉ ዕጣ አለመናወጣቸውን ነው። በሁለቱ መካከል የጋራ ነገር ካልተገኘ የነፍስ ታላቅነት ሁለት ዓይነት ነው ማለት ነው። የሶቅራጥስ ችሎት በአኪልስ ስም አንድ ሊያደርጋቸው የሞከረውን ሁለት ሰዎች አርስቶትል በተለያየ ረድፍ አስቀምጧቸዋል፤ ልዩነቱን ለመደፈንም አልቸኮለም።

ማጠቃለያ

ከሳርፔዶን እስከ አርስቶትል ያለው መስመር ሦስት ነገር ያስተምራል። የጀግና ልክ የሚያጣው ነገር ዋጋ ነው፤ ዋጋውን ማወቁ የጀግንነቱ አካል ነው፤ ያጣበት ዓላማ መልካም ካልሆነ ግን ሁለቱም ወደ ሜዲያ ያደርሳሉ። ፕላቶ ከዚህ መስመር የወጣው ሰውን ከሞት ፍርሃት ነጻ ለማውጣት ነው፤ ፍላጎቱ የተከበረ ቢሆንም ውጤቱ ሐዘን የሌለበት ጀግና ነው።

መስመሩ ባለቤቶቹን ራሳቸውንም ይከስሳል። ጀግንነት የሚያሳሳ ሕይወት ላለው ሰው የሚቻል ነገር ከሆነ፣ ገባሩንና ሴትን ከዚህ ሕይወት አርቆ ሲያበቃ ድፍረት የላቸውም ብሎ የሚፈርድ ከተማ ፍርዱን ራሱ ፈብርኮታል። አርስቶትል በፖለቲካ መጽሐፉ በተፈጥሮ ባሪያ የሆኑ አሉ ብሎ ሲሟገት በሥነ ምግባሩ የሠራውን ሚዛን እስከ መጨረሻው አልተጠቀመበትም። ለሐያሲው ግን ሚዛኑ ከሠሪው ይሰፋል። የጀግና ውዳሴ ባነበብን ቁጥር፣ ጽሑፉ ለሚያወድሰው ሰው የሚወደውን ነገር ሰጥቶት እንደሆነ መጠየቅ እንችላለን። ምንም ሳይሰጠው ስለ ሞቱ ብቻ የሚያመሰግነው ከሆነ፣ የሚያወድሰው ሰውየውን ሳይሆን በእሱ ሞት የሚጠቀመውን ነው።